ከመድረኩ በፊት ሰልፉ፦ ስለ አኒሜ ኮንቬንሽን የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አኒሜ ኮንቬንሽን፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን ወዳጆች ስለሚሰባሰቡበት ዝግጅት ናቸው። አንዳንዶቻችሁ ልታዘጋጁ አስባችኋል። አንዳንዶቻችሁ አዘጋጅታችሁ ደክሟችኋል። አንዲት እናትም ጽፈውልኛል። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ዓመታት ቆይቻለሁ። በር ላይ ባጅ ከማደል ተነስቼ ዝግጅት እስከ መምራት ደርሻለሁ። ዛሬም ወደ አንድ ኮንቬንሽን ስገባ መጀመሪያ የማየው መድረኩን አይደለም። ሰው የት እንደቆመ፣ የት እንደተቀመጠ ነው። መልሶቼ ሁሉ ከዚያ ይነሳሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ እህታችን። ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሦስት ቀን የሚቆይ፣ ከጃፓን እንግዳ የሚመጣበት ትልቅ ኮንቬንሽን ልናዘጋጅ ነው። ፖስተሩ አልቋል። አዳራሽም አግኝተናል፤ ባለቤቱ "ቶሎ ፈርሙ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" እያሉን ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይቀረናል? (ስድስቱ)

መልስ፦ ውድ ስድስቱ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። ፖስተሩንም ለጊዜው አትለጥፉ።

መጀመሪያ ሦስቱን ቀን ወደ አንድ ቀን አውርዱት። ሕልማችሁን ላሳንስባችሁ አይደለም። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚተምበት የቶክዮው ኮሚኬት (ሰዎች ራሳቸው የሠሩትን ኮሚክ የሚሸጡበት ዝግጅት) እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀመር ሥራቸውን ይዘው የቀረቡት 32 ቡድኖች ነበሩ። የመጣው ሰው 700 ያህል ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦታኮን የሚባለው የአኒሜ ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር 350 ያህል ሰው ነበር የተገኘው። አሁን በአሥር ሺዎች ያስተናግዳል። አንድ ቀን፣ አንድ ዋና አዳራሽ፣ ለውይይትና ለጨዋታ የሚሆን አንድ ትንሽ ክፍል፣ ጥቂት የሽያጭ ጠረጴዛዎች፣ እና ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያወራበት ቦታ ይበቃችኋል። የመጨረሻውን እባካችሁ አትርሱት። ሰው የሚመጣው የሚወደውን ነገር የሚወድ ሌላ ሰው ለማግኘት ነው። መቀመጫ ከሌለ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ውሉ። ከእናንተ ሦስታችሁ ለየብቻ አንብቡት፤ ከተቻለ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጨመር። ወንበርና ጠረጴዛ ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል? መብራቱስ? የራሳችሁን ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ማስገባት ትችላላችሁ ወይስ የቤቱን የመከራየት ግዴታ አለባችሁ? ቁልፉ የሚሰጣችሁ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ጠረጴዛ መደርደርና ገመድ መዘርጋት ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል፤ ስለዚህ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ መግባት ካልተፈቀደላችሁ ጠዋት በር መክፈቻ ሰዓታችሁ ይዘገያል። ጽዳቱ የማን ነው? ጥበቃውስ? ምግብና ውኃ ከውጭ ይገባል? ዕቃ ቢሰበር፣ ሰው ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው? የመድን ሽፋን ይጠይቃሉ?

ዝግጅቱ ሆቴል ውስጥ ከሆነ ደግሞ አንድ አንቀጽ ለይታችሁ ፈልጉ። ሆቴሉ አዳራሹን በቅናሽ ሰጥቶ በምትኩ "ይህን ያህል መኝታ ክፍል በእንግዶቻችሁ ትሞላላችሁ" ሊል ይችላል። ካልሞላ የጎደለውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ብዙ ቡድን ዕዳ ውስጥ የገባው በዚህች አንቀጽ ነው።

ስለ መሰረዝ የሚያወራውንም ክፍል በደንብ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ኮሚኬት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። የአሜሪካዎቹ አኒሜ ኤክስፖም፣ ኦታኮንም በአካል አልተካሄዱም። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ቅድመ ክፍያው ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል የሚለው በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ በዚያ ቀን የባለቤቱን ደግነት ብቻ ነው የምትጠብቁት።

ገንዘቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ከዝግጅቱ በፊት የሚከፈል ዕዳ በር ላይ በሚሸጥ ትኬት አይታሰብ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ዳሽኮን የሚባል ዝግጅት ነበር። የአኒሜ አይደለም፤ ተምብለር የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች መሰባሰቢያ ነው። አዘጋጆቹ በመጀመሪያው ቀን ምሽት ተሰብሳቢው ፊት ቆመው "ለሆቴሉ 17,000 ዶላር ያስፈልገናል፣ አዋጡልን" አሉ። ሰው አዋጣ። ስሙ ግን እስካሁን የሚነሳው በዚያ ነው። እናንተ በጀት ስትሠሩ ከምትጠብቁት ሰው ግማሹ ብቻ ቢመጣስ ብላችሁ አስሉት። በዚያ ስሌት አዳራሹንና ድምፁን መክፈል ካልቻላችሁ አዳራሹ ለእናንተ ገና ነው። የባንክ ሒሳቡ በአንድ ሰው ስም አይሁን፤ ሁለት ፊርማ ይኑረው። ጓደኝነታችሁን የሚያቆየው እሱ ነው።

ቀኑን ስትመርጡ ደግሞ ከፈተናና ከበዓል ሳምንት ሽሹ። ታዳሚያችሁ አብዛኛው ተማሪ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዝግጅታችን ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ሰልፍ ላይ ቆመ። ብዙዎች ተናደው ጻፉብን። ለሚቀጥለው ሁለት ጠረጴዛ ልንጨምር አስበናል። ይበቃ ይሆን? (ምዝገባ ክፍል)

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስላመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ሰልፍ ማውራት አልጠግብም። ታዳሚው ከእናንተ ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነው።

ወረቀት አውጡና እናስላው። አንድ ሰው ጠረጴዛው ፊት 40 ሰከንድ ቆየ እንበል። አንድ ጠረጴዛ በሰዓት 90 ሰው ያስተናግዳል። አምስት ጠረጴዛ 450። ጠዋት 1,000 ሰው ከመጣ የመጨረሻው ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆማል። ሁለት ጠረጴዛ ብትጨምሩ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ትወርዳላችሁ። አሁን ጠረጴዛውን ተዉት። 40 ሰከንዷን 15 አድርጓት። በአምስቱ ጠረጴዛ በሰዓት 1,200 ሰው ያልፋል። ሺውም ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገባ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሰከንዷ ነው።

ሰከንዱን የሚበላው ምንድን ነው? እጃችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ቀን ተለማመዱትና ታዩታላችሁ። ስም መፈለግ። ዝርዝር ገንዘብ መመለስ። ባጅ እዚያው ማተም። የወላጅ ፈቃድ ማስፈረም። "የትኛውን ስጦታ ትመርጣለህ?" ብሎ መጠየቅ። እነዚህ በሙሉ ከዋናው ጠረጴዛ ይነሱ። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ኮዱን አሳይቶ፣ ባጁን ተቀብሎ ይለፍ፤ በቃ። በዕለቱ የሚከፍል ሌላ ሰልፍ ይኑረው። ስሙ የጠፋበት፣ ኮዱ አልሠራ ያለው፣ የጓደኛውን ትኬት የያዘው ደግሞ ጎን ላይ ወዳለው "የችግር ጠረጴዛ" ይሂድ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉም ታጋሽ የሆነውንና የመወሰን ሥልጣን ያለውን ሰው አስቀምጡ። አንድ ሰው ጋ የተፈጠረ ጣጣ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ማቆም የለበትም።

ከተቻለ በዋዜማው ማታ ባጅ ማደል ጀምሩ። የጠዋቱ ሰልፍ በሚታይ መጠን ይቀንሳል።

ኔትወርክ ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። የስም ዝርዝሩ በፊደል ቅደም ተከተል ታትሞ ጠረጴዛው ሥር ይቀመጥ። ሠራተኛው እስክሪብቶ ይያዝ።

የሰልፉ ቅርጽም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለየጠረጴዛው አንድ አንድ ሰልፍ አታድርጉ። አንድ የሚጠማዘዝ ሰልፍ ይሁንና ጫፉ ላይ የቆመ ሰው "ወደ ሦስት ሂድ፣ ወደ አምስት ሂዱ" ይበል። ያኔ ማንም "የጎኑ ሰልፍ ከእኔ ፈጠነ" ብሎ አይበሳጭም። ኮሚኬት ላይ የምወደው አንድ ልማድ አለ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመው ታዳሚ "ሰልፉ የሚያልቀው እዚህ ነው" የሚል ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ይይዛል። አዲስ ሰው ሲመጣ ተቀብሎት ይይዘዋል። ሠራተኛ አያስፈልግም፤ "ሰልፉ የትኛው ነው?" የሚል ጥያቄም የለም። አንድ ካርቶንና አንድ እንጨት ብቻ ነው የሚፈጀው።

ሰልፉ የሚቆምበት ቦታ ጥላ አለው? ውኃስ? ሽንት ቤት ደርሶ ለመመለስ ቦታውን የሚያስጠብቅለት ነገር አለ? ከባድ ልብስ የለበሰ፣ ዊግ ያደረገ፣ ጭምብል ያጠለቀ ሰው እዚያ መሐል እንዳለ አስቡ። ሙቀት ይጥላል። ወንበር ይዞ በሰልፉ ዳር የሚዘዋወር አንድ ሰው መድቡ፤ መቆም ለማይችል ሰው ወንበሩን ይስጥ። እርጉዝ ሴትና ክራንች የያዘ ሰው እስኪጠይቅ አትጠብቁ።

አዳራሽ ውስጥ ላለው ፕሮግራምም ሕጉ አንድ ነው። ክፍሉ 120 ሰው የሚይዝ ከሆነ አንድ ሰው ሰልፉ ውስጥ ሄዶ ይቁጠር። 120ኛው ላይ ሲደርስ ከዚያ በኋላ ላሉት "የሚደርሳችሁ አይመስልም" ብሎ በግልጽ ይንገር። ሰው ቦታ እንደሌለው ቶሎ ከሰማ ሌላ ነገር ያያል። አንድ ሰዓት ቆሞ በሩ ሲዘጋበት ግን አይረሳችሁም። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም በ50ኛው ደቂቃ ይለቅ። አሥር ደቂቃዋ መውጫ፣ መግቢያና ማይክ መፈተሻ ናት።

ጥያቄ፦ አንድ ጃፓናዊ የድምፅ ተዋናይ በጣም እንወዳለን። በማኅበራዊ ሚዲያ ጻፍንለት፤ አልመለሰም። ስሙን ፖስተሩ ላይ ብናወጣው ሰው ሲጠይቅ ይሰማና ይመጣ ይሆን?

መልስ፦ አይሆንም። ያልፈረመ እንግዳ ስም ማውጣት ትኬት የገዛውን ሰው ማታለል ነው፤ እንግዳውም ሲሰማ ይርቃችኋል።

የድምፅ ተዋንያን አብዛኞቹ በወኪል ድርጅት በኩል ነው የሚሠሩት። ለድርጅቱ በጨዋ ቋንቋ፣ ከወራት በፊት ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰው እንደምትጠብቁ፣ ስንት ቀን እንደምትፈልጉት፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደምትከፍሉ ይግባበት። ክፍያ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በብዙ አገር በጉብኝት ቪዛ መግባት አይችልም፤ ትክክለኛው ቪዛ ጊዜ ይፈጃል።

ከመጣ በኋላ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ከእሱ የማይለይ አንድ ረዳት ይመደብለት። የረዳቱ ሥራ ፎቶ መነሳት አይደለም፤ እንግዳው በሰዓቱ እንዲበላ፣ እንዲያርፍ፣ ሽንት ቤት የሚሄድበት ደቂቃ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። አስተርጓሚው ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ይወቅ። የገጸ ባሕርያቱን ስም የማያውቅ አስተርጓሚ መድረክ ላይ ይጨነቃል፤ ሰዉም ያዝናል። ጥያቄዎቹን ከዋዜማው ስጡት።

ፎቶና ቪዲዮ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ የጃፓን ወኪሎች አይፈቅዱም። ፊርማውንም በሰው ቁጥር ሳይሆን በደቂቃ ተስማሙ፤ ከዚያ ስንት ሰው እንደሚደርሰው አስልታችሁ ያንን ያህል ቁጥር ብቻ አድሉ።

እንግዳ የማምጣት አቅም ከሌላችሁም ኮንቬንሽኑ አይጎድልም። ሥዕል የሚያስተምር፣ ዊግ የሚሠራ፣ ስለ አንድ ስቱዲዮ ታሪክ አንድ ሰዓት ማውራት የሚችል ሰው መሐላችሁ አለ። እነዚህን ክፍሎች ነው ሞልተው ያየኋቸው።

ጥያቄ፦ የስትሪሚንግ አካውንት አለኝ፤ በየወሩ እከፍልበታለሁ። በእሱ አዳራሽ ውስጥ አኒሜ ማሳየት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። የከፈልከው ቤትህ ለማየት ነው። ለሕዝብ ለማሳየት የመብቱ ባለቤት ወይም የአገሩ አከፋፋይ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። ጻፍላቸው፤ አዲስ ሥራ ለማስተዋወቅ ሲሉ የሚፈቅዱ አሉ። ሙዚቃ ስታጫውትም የሙዚቃ መብት ሰብሳቢውን ድርጅት አነጋግር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ወራት ፈጅቼ ለኮስፕሌይ (እንደ ገጸ ባሕርይ ለብሶ ለመቅረብ) ከፎም የሠራሁትን ሰይፍ በር ላይ ከለከሉኝ። አለቀስኩ። ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ እቅፍ አድርጎኝ ፎቶ ተነሳ። ለሚመለከተው ብናገር "ኮስፕሌይ ለብሰሽ መጥተሽ" አለኝ። አሁን ልብሴን ሳየው ያስጠላኛል። (ሰይፍ አልባዋ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ሁለቱም ደርሰውብሽ ዝም ሳትይ ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። አይዞሽ። ልብሱ ምንም አላጠፋም። አንቺም አላጠፋሽም።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚብሰው እሱ ነው። ኮስፕሌይ መልበስ ንኩኝ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ ኮሚክ ኮን የሚባለው የኮሚክ ኮንቬንሽን ይሄንኑ የሚል ትልልቅ ሰሌዳ በአዳራሹ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። አዘጋጆች፣ ሰሌዳው ብቻውን አይበቃም። ሰው ሲከፋው የት እንደሚሄድ ባጁ ጀርባ ላይ ይጻፍ። የሚሰማው ሰው የሠለጠነ ይሁን። መጀመሪያ የሚጠየቀው "አሁን ደህና ነሽ? ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?" ነው እንጂ ስለ ልብስ አይደለም። የሆነው ነገር ከነሰዓቱ ይመዝገብ። ባጅ ነጥቆ የማስወጣት ሥልጣን ያለው ሰው በየሰዓቱ አዳራሹ ውስጥ ይኑር። አጥፊው የአዘጋጁ ጓደኛ ቢሆንም ይውጣ። አንቺን እንደዚያ ብሎ የመለሰሽ ሰው ከዚያ ወንበር መነሳት አለበት። ለዝግጅቱ ኃላፊዎች በጽሑፍ አሳውቂያቸው።

ወደ ሰይፉ ስመለስ፣ መከልከሉ ራሱ ክፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ፊኒክስ ኮሚኮን በሚባል ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ አንድ ሰው እውነተኛ፣ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ይዞ ገብቶ ተያዘ። አዘጋጆቹ ወዲያው የአልባሳት መሣሪያን በሙሉ ከለከሉ። ሥራቸውን ይዘው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ሆቴል ትተውት ገቡ። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። የሚያስለቅሰው ሕጉ በር ላይ ሲነገር ነው። ስለዚህ አዘጋጆች፣ ሕጉን ትኬት መሸጥ ስትጀምሩ አውጡት። በሥዕል አውጡት። ፎምና ካርቶን ይገባል፣ ብረት አይገባም፣ ርዝመቱ እስከዚህ፣ ሽጉጥ የሚመስል ነገር አፈሙዙ ላይ ደማቅ ቀለም ይኑረው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ፎቶ ልኮ አስቀድሞ መልስ የሚያገኝበት አድራሻ ይኑር። በር ላይ የፈተሻችሁትን ባለቀለም ማሰሪያ እሰሩበት፤ ውስጥ ያለው ጥበቃ በየአሥር ሜትሩ አያስቁመው። የማይገባውን ደግሞ በቁጥር ተረክባችሁ አስቀምጡላቸው። ማንም ሥራውን መንገድ ላይ እንዲጥል አታድርጉ።

አዘጋጆች፣ ለኮስፕሌይ ሰዎች ብዬ ሌላም የምጠይቃችሁ አለኝ። ኮሚኬት ላይ ለብሶ መምጣት አይፈቀድም፤ እዚያው መቀየሪያ ክፍልና ለብቻው የተለየ የፎቶ ቦታ አለ። የፎቶ ቦታውን ቅዱ። ፎቶ አንሺ ሲሰበሰብ መተላለፊያ ይዘጋል። መተላለፊያ ሲዘጋ የአደጋ ጊዜ መውጫም አብሮ ይዘጋል። መቀየሪያው ጋ መስታወት፣ መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ማጣበቂያ፣ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ያለበት ጠረጴዛ ይኑር። ክንፏ የተገነጠለባት ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ደርሳ ስትመለስ ፊቷን አይታችሁት ቢሆን፣ ከመድረክ መብራት በፊት እሱን ትገዙ ነበር።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኞቻችን በመጀመሪያው ቀን ሞልተው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግማሾቹ አልመጡም። የመጡትም ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ክፍያ ስለሌለው ነው ወይስ ትውልዱ ነው? (የተወው አስተባባሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትውልዱን ተወው። ክፍያውም ዋናው አይመስለኝም። ስንት ሰዓት ቆሙ? ምን በሉ? ማንን ጠየቁ? እነዚህን መልስልኝና ለምን እንዳልመጡ እነግርሃለሁ።

አንድ ፈረቃ ከአራት ሰዓት አይብለጥ። በመሐሉ የሚተካቸው ሰው ይኑር። እረፍት ማለት በር ላይ ቆሞ ውኃ መጠጣት አይደለም። ታዳሚ የማይገባበት፣ ወንበር ያለው፣ ጫማ የሚወልቅበት ክፍል ያስፈልጋቸዋል። ምግብ ይቅረብላቸው፤ "ገዝታችሁ ብሉ" አይባልም። በኮንቬንሽን ሰዎች ዘንድ የታወቀች ሕግ አለች፦ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ መታጠብ። አንዳንዱ እንቅልፉን ስድስት ያደርገዋል። ለታዳሚ የወጣች ናት፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማስከብራት ለሠራተኛ ነው። አስተባባሪውንም ይጨምራል። ማታ ስምንት ሰዓት ላይ የሚላክ መልእክት ይቅር።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ አለቃ ብቻ ይኑረው። ሦስት ሰው እየጠራው ሦስት ነገር የሚያዘው ልጅ በቀትር ይደክመዋል። የሥራ ድርሻው በግማሽ ገጽ ተጽፎ ይሰጠው፤ የት ትቆማለህ፣ ምን ትላለህ፣ ምን ሲሆን ለማን ትደውላለህ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ሥልጣን ስጠው። ባጁ የተበጠሰበትን በራሱ ይቀይርለት። የጠፋ ልጅ ሲያይ ማንንም ሳያስፈቅድ ቦታውን ትቶ ይሂድ። "ኃላፊውን ጠይቅ" እያለ የሚውል ሰው ራሱን እንደ ሠራተኛ አይቆጥርም።

ከሁሉም ክፍል ውጭ የሆኑ፣ ቋሚ ቦታ የሌላቸው ጥቂት ሰዎችን ለብቻ አስቀር። ገመድ ያመጣሉ፣ የቀረ ሰው ይተካሉ፣ ሬዲዮው ባትሪ ሲጨርስ ይሮጣሉ። ስለ ሬዲዮ ካነሳን፣ አጭር አውሩ። የተከፋ ወይም የታመመ ሰው ስም በሬዲዮ አይጠራ፤ አጠገቡ የቆመ ሁሉ ይሰማል።

መጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሩ ሲዘጋ ጠረጴዛ የሚያጣጥፈው ማን ነው? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የገቡትን ልጆች ማታ ደግሞ ዕቃ አታሸክም። ለማፍረሻ ብቻ ከሰዓት በኋላ የሚመጡ ትኩስ ሰዎችን ለይተህ መዝግብ። ይሄ አንድ ውሳኔ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ሰው እንደሚመለስልህ ይወስናል።

ኮሚኬት ውስጥ የማከብረው ሐሳብ አለ። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ኮስፕሌይ የለበሰውም፣ ሠራተኛውም ሁሉም እኩል ተሳታፊ ነው ይላሉ፤ እንደ ደንበኛ የሚታይ ሰው የለም። በጎ ፈቃደኛህ ፕሮግራም የማየት ጊዜ ካልተሰጠው ግን ተሳታፊ አይደለም። ከመመዝገቡ በፊት "የትኛውን ፕሮግራም ማየት ትፈልጋለህ?" ብለህ ጠይቀውና በዚያ ሰዓት ነፃ አድርገው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ስለነዚህ ነገሮች ብዙ አላውቅም። የ14 ዓመት ልጄ ኮንቬንሽን ካልሄድኩ ብላ ታስጨንቀኛለች። ወራት ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ነው የከረመችው። ልልካት ወይስ ልከልክላት? (እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ወራት ሙሉ ልብስ የሰፋች ልጅ ጎበዝ ልጅ ናት። ቢችሉ አብረዋት ይሂዱ። ብዙ ዝግጅት ለአጃቢ ወላጅ ቅናሽ ወይም ነፃ መግቢያ አለው፤ ይጠይቁ።

ከመወሰንዎ በፊት አዘጋጆቹን ደውለው ያነጋግሩ። ስንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም? የማታ ፕሮግራም ለአዋቂ ብቻ ከሆነ በር ላይ ዕድሜ ይታያል? ልጅ ሲጠፋ የት ነው የሚቀመጠው? ከልጆች ጋር የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች እንዴት ተመረጡ? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ እንዳይሆን ደንብ አላቸው? ጥሩ አዘጋጅ በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ደስ ብሎት ይመልሳል። ከተቆጣ ወይም ካደናገረዎት አይላኳት።

ከሄደች ደግሞ ስልኳ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ስልክ ቁጥርዎ ግን በወረቀትም ኪሷ ውስጥ ይኑር። የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት አስቀድመው ይወስኑ። ሙሉ ስሟንና ትምህርት ቤቷን ፎቶ ላነሳት ሰው እንዳትሰጥ ይንገሯት። ልብሱ ሲጠናቀቅ እርስዎ ፊት ለብሳ ትቀመጥ፣ ትነሳ፣ ደረጃ ትውጣ። የሚጠልፋት ነገር ካለ ቤት ውስጥ ይታይ።

ጥያቄ፦ ሥዕል ለሚሸጡ ልጆች 20 ጠረጴዛ አለን። አመልካቹ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ቀድሞ ለመጣ እንስጥ ወይስ በዳኛ እንምረጥ?

መልስ፦ ቀድሞ ለመጣ ከተባለ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ያሸንፋል። በዳኛ ከሆነ የተካነው ብቻ ይገባል፤ ጀማሪ ልጅ መቼም ዕድል አያገኝም። እኔ ከፍዬው ነው የምሠራው፦ ግማሹ በዳኛ፣ ግማሹ በዕጣ፣ ከዕጣው ውስጥ ጥቂቱ ከዚህ በፊት ሸጦ ለማያውቅ ሰው። ሕጉን ከማመልከቻው ጋር አብራችሁ አውጡ። የሰው ሥዕል ገልብጦ አትሞ የሚሸጥ ከመጣ ጠረጴዛው ይነሳል የሚለውም አብሮ ይጻፍ፤ በዕለቱም ዞራችሁ እዩ። ሐሰተኛ ሸቀጥ በሚሸጠው ትልቅ ሱቅ ላይም ያው ሕግ ይሥራ፤ የበለጠ ኪራይ ከፈለ ተብሎ አይታለፍ። ለተጠባባቂዎች ደግሞ መልሱን ቶሎ ስጧቸው። ልጆቹ ማተሚያ ቤት ገንዘብ የሚከፍሉት ከሳምንታት በፊት ነው።

ስለ ኮስፕሌይ ውድድር ዳኝነት የጻፋችሁልኝ በሚቀጥለው ወር እመልሳለሁ። እስከዚያው ስትጽፉልኝ ስንት ሰው እንደምትጠብቁ፣ ስንት ክፍል እንዳላችሁና ዝግጅቱ ስንት ወር እንደቀረው ጨምሩልኝ። የአዳራሹን ካርታ በእጃችሁ ሥላችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ ሰልፉን የት ብታቆሙት እንደሚሻል ምልክት አድርጌ እመልስላችኋለሁ።